ችግሩን የምንሰማው ከረፈደ በኋላ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው፦ ከሂሳብ ባለሙያነት ወደ ክፍል ኃላፊነት ካደግሽ ጥቂት ወራት ሆኖሻል። በሳምንቱ ስብሰባ «ችግር አለ?» ስትዪ ሁሉም «ደህና ነው» ይላል፤ የወሩ ሂሳብ መዝጊያ ሲደርስ ግን ጉዱ ይወጣል። ጠበቅ ልበል ወይስ ላላ? ከሁሉም በላይ ሥራውን የሚያውቀው ነባር ባልደረባዬስ ለምን ዝም አለኝ? በቅርብ ካነበባችሁት የሚረዳኝ ካለም ጠቁሙኝ ብለሻል። እኔም በሂሳብ ክፍል ከታች ጀምሬ እስከ ኃላፊነት የደረስኩ ሰው ነኝ። ጉዳዩ ሁልጊዜ ስለሚያሳስበኝ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ሰዎችሽ ዝም ያሉት ስለሚጠሉሽ ወይም ለሥራው ግድ ስለሌላቸው አይመስለኝም። ሠራተኛ ክፉ ወሬ ይዞ ወደ አለቃው ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ያሰላስላል፦ ባለፈው የተናገረው ሰው ምን ደረሰበት? መልሱን የሚያገኘው በዓይኑ ካየው ነው፤ ኃላፊው በስብሰባ ላይ «በሬ ክፍት ነው» ማለቱ ብዙም አይለውጠውም። አንቺ አዲስ ስለሆንሽ ደግሞ ስለ አንቺ የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ ከአንቺ በፊት በነበሩት ኃላፊዎች ልክ ነው የሚመዝኑሽ። ዝም አይነቅዝም ብለው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከመጥበቅና ከመላላት በፊት የሚቀድም ነገር አለ፦ መጥፎ ዜና ጠረጴዛሽ ላይ በደረሰባቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ምን ታደርጊያለሽ?

የሠራሁባቸውን ሁለት ኃላፊዎች ላነጻጽርልሽ። የመጀመሪያው ጎበዝ የሂሳብ ሰው ነበር፤ ትጉህ፣ እጁ ንጹሕ፣ ሥራውን የሚያከብር። «መፍትሔ ሳትይዙ ችግር ይዛችሁ አትምጡ» የሚል ደንብ ነበረው። ደንቡ ሲሰሙት ሠራተኛው ራሱን እንዲችል የሚያደርግ ይመስላል፤ ዛሬም በአመራር ሥልጠናዎች ላይ እንደ ጥሩ ምክር ሲነገር እሰማለሁ። እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሠራተኛው ራሱ መፍትሔ የሚያገኝለት ችግር ቀላሉ ነው። ኃላፊው ቶሎ ሊሰማው የሚገባው መፍትሔ የጠፋለት፣ ከአንድ ሰው አቅም በላይ የሆነው ነው። ይህ ደንብ ከበር የሚመልሰው ደግሞ እሱኑ ነው።

በዚያ ክፍል የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ላይ፣ ማለትም የእኛ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር በሚመሳከርበት ሠንጠረዥ ላይ፣ ምንጫቸው ያልታወቀ አሮጌ ልዩነቶች ነበሩ። ከአንዱ ወር ሠንጠረዥ ወደ ሚቀጥለው ይገለበጣሉ፤ አጠገባቸው ባለው የማብራሪያ ዓምድ ላይ «በመጣራት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። የሚያጣራቸው ሰው ግን አልነበረም፤ እንዴት እንደሚጣሩ የሚያውቅ አልነበረማ። ይህን በክፍሉ የማያውቀው ኃላፊው ብቻ ነበር። በመጨረሻ የውጭ ኦዲተሮች መጥተው ለልዩነቶቹ ደጋፊ ሰነድ ሲጠይቁ፣ ነገሩን የሚያስታውሱት ሰዎች ሥራ ለቀው ሄደዋል። ኃላፊው «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ ሲጠይቅ የምሩን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን መደበቁን ያስተማረው ደንቡ ራሱ ነው።

ሁለተኛዋ ኃላፊዬ በችሎታ ከእሱ የምትበልጥ አልነበረችም፤ በሥራ ጥራት ግን ቅንጣት አታልፍም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አንድ ባልደረባችን ሁለት ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ይዞ ገባ። ለአንድ አቅራቢ ያንኑ ሂሳብ ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሷ ይዛው የነበረውን ስልክ አስቀመጠች፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው፣ ከዚያ «ዛሬውኑ ስላመጣኸው ገና እንደርስበት ይሆናል፤ ቁጭ በልና አብረን እንደውል» አለችው። ባንክ ተደወለ፣ ለአቅራቢው ተደወለ፤ ገንዘቡም ተመለሰ። «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

ጥያቄው ግን አልቀረም፤ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ረጋ ብላ «ሲስተሙ ያንኑ ኢንቮይስ ሁለቴ እንዴት ተቀበለ?» አለች። ሲመረመር፣ ሲስተሙ ድግግሞሽ የሚለየው በኢንቮይስ ቁጥሩ ነው። አንዱ ሲመዘገብ ቁጥሩ መካከል ሰረዝ ገብቷል፤ ሌላው ያለ ሰረዝ ተመዝግቧል። ለሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ኢንቮይሶች ናቸው። ቁጥር አመዘጋገቡ ላይ ወጥ ደንብ ወጣ፤ ከክፍያ በፊትም የአቅራቢ ስም፣ ቀንና የገንዘብ መጠን አንድ ላይ እንዲነጻጸሩ ተደረገ። ልጁ ፈርቶ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው ክፍት እንደሆነ ይቀጥል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ ሰዎች ችግር ይዘው የሚገቡበት ሰዓት ወደ ፊት መጣ፤ ከመዝጊያው ማግስት ወደ መዝጊያው ዋዜማ፣ ቀጥሎም ወደ ወሩ አጋማሽ።

ወደ ንባቡ ልምጣ። ሰሞኑን ይዞኝ የሰነበተው ስለ አቪዬሽን ደኅንነት የተጻፈ ነው። ለሂሳብ ሰው የማይገናኝ ይመስላል፤ አለቃ ፊት ዝም ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ በዚህ ልክ የመዘገበ ሌላ ሙያ ግን አላውቅም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔን ቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ አንዱ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ሌላው የአሜሪካው የፓን አም፣ በጉም በተሸፈነ መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬኤልኤሙ ካፒቴን በኩባንያው የ747 አብራሪዎች ዋና አሠልጣኝ የነበረ የተከበረ ሰው ነው። መጀመሪያ የሞተሮቹን ኃይል ጨምሮ ሊንደረደር ሲል ረዳት አብራሪው ፈቃድ ገና እንዳልተሰጣቸው አስታወሰው፤ ካፒቴኑም ቆመ። ቀጥሎ የበረራ መስመር ፈቃድ ሲነገራቸው፣ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኙ ካፒቴኑ መንደርደር ጀመረ። ረዳት አብራሪው ለሁለተኛ ጊዜ አላረመውም። የበረራ መሐንዲሱ የፓን አሙ አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ እርግጠኛ ሆኖ አዎ አለው፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከሰከንዶች በኋላ ተጋጩ። ጉሙ፣ የሬዲዮ መልእክቶች መደራረብ፣ ግልጽ ያልሆኑ ቃላት፣ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። እኔን ግን የያዘኝ የመሐንዲሱ ጥያቄ ነው። ትክክለኛውን ነገር አይቶ ነበር። ያቀረበው በጥያቄ መልክ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ የበላዩ እርግጠኛ ሆኖ ሲመልስለት ደግሞ ተወው።

በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ወር በአሜሪካ ፖርትላንድ አቅራቢያ ሌላ አደጋ ደረሰ። የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ካፒቴን የማረፊያ ጎማው ነገር አሳስቦት አየር ላይ ሲዞር ነዳጁ አለቀና ተከሰከሰ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ እየቀነሰ መሆኑን አብረውት የነበሩት ያውቁ ነበር፤ ጠቆም ጠቆም ከማድረግ ግን አላለፉም። ከነዚህ አደጋዎች በኋላ የአሜሪካው የሕዋና የአቪዬሽን ምርምር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ባለሙያዎችን ሰብስቦ መከረ። ዛሬ የአየር መንገድ አብራሪዎች ሁሉ የሚወስዱት ሥልጠናም ከዚያ ተወለደ። ረዳቱ ሥጋቱን በግልጽ እንዲናገርና ሰሚ ካጣ እንዲደግመው ይሠለጥናል። ካፒቴኑም እንዲጠይቅና እንዲሰማ ይሠለጥናል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚዘነጉት ይህን ሁለተኛውን ይመስለኛል፤ ሠራተኛውን «ደፍራችሁ ተናገሩ» ይሉታል፣ አለቃውን መስማት የሚያሠለጥነው ግን የለም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች ስህተታቸውንና ለጥቂት የተረፉበትን አጋጣሚ በምስጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለው መቅጣት የሚችለው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዳይሆን ተብሎ ሥራው ለናሳ ተሰጠ፤ ናሳም የሪፖርት አቅራቢውን ማንነት የሚገልጸውን አውጥቶ ነው መረጃውን የሚያስቀምጠው። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት፣ ወንጀልና አደጋ ግን በዚህ ከለላ ውስጥ አይገቡም። ይህ ድንበር ለአንቺም ይጠቅምሻል።

ሌላው ያነበብኩት የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ኤሚ ኤድመንድሰን ያካሄዱትን ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን ሲያጠኑ፣ በደንብ የሚሠሩ ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። ቁጥሩ ግን ተገላቢጦሽ መጣ፤ ጥሩ አመራርና ጥሩ ግንኙነት ያላቸው ክፍሎች ብዙ ስህተት የተመዘገበባቸው ሆኑ። ማብራሪያው የተገኘው ቀረብ ብሎ ሲታይ ነው። እነዚያ ክፍሎች ስህተታቸውን ስለሚነጋገሩበት ይመዘገባል፤ በሌሎቹ ይደበቃል። ፕሮፌሰሯ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት በአንድ አምራች ኩባንያ 51 የሥራ ቡድኖችን አጥንተው ሐሳቡን አጠናከሩት፦ ሳይሸማቀቁ መናገር የሚቻልበት ቡድን የበለጠ ይማራል፣ በመማሩም የተሻለ ይሠራል። ይህን ሳነብ የሁለተኛዋን ኃላፊዬን ክፍል አስታወስኩ። ከውጭ የሚያይ ሰው ችግር የበዛበት ክፍል ይለው ነበር፤ በየሳምንቱ የሚነሳ ነገር አይጠፋማ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። «ችግር አለ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። ለዚህ ጥያቄ ሰው ሁሉ ፊት ቀላሉ መልስ «የለም» ነው። በምትኩ ስለ ሥራው ራሱ ጠይቂ፦ «በዚህ ወር መዝጊያ ላይ የሚያዘገየን የትኛው ሂሳብ ይመስላችኋል?»፣ «ከሌላ ክፍል ያልደረሰን ሰነድ የትኛው ነው?» ጥያቄው ችግር መኖሩን እንደ ተራ ነገር ስለሚወስድ የሚመልሰው ሰው ራሱን እንደ ከሳሽ ወይም እንደ ተከሳሽ አያይም። አንቺ ሐሳብሽን በመጨረሻ ተናገሪ፤ ኃላፊ ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሰው ንግግር የእሱን መደገፊያ ይሆናል። ከእያንዳንዳቸው ጋር ለብቻ የምትነጋገሪበት ቋሚ ጊዜ ያዢ፤ ሥራ ሲበዛም እንዳትሰርዢው። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊወጣ ሲነሳ ነው፤ በጥድፊያ የተደረገ ውይይት እዚያ አይደርስም።

ጠበቅ ወይስ ላላ ላልሽው፣ የሥራ ጥራት ላይ እንዳትላዪ። ጊዜው ያለፈበት ማስታረቂያ ይመለስ፣ ደጋፊ ሰነድ የሌለው ክፍያ አይፈረም። መናገር የሚቻልበት ክፍልና ጥራት የሚጠየቅበት ክፍል አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ የሁለተኛዋ ኃላፊዬ ክፍል ምስክር ነው። ድንበሩን ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፦ ስህተቱን ይዞ የመጣ አብረን እናስተካክላለን፤ አውቆ የደበቀ፣ ሰነድ የለወጠ፣ በሌላ ሰው ያላከከ ይጠየቃል። ከዚያ በቃልሽ ጽኚ። ሰዎች ንግግርሽን የሚፈትኑት በትንሽ ነገር ነው፤ ቀለል ያለ ስህተት ያመጡልሽና ፊትሽን ያያሉ። ትልቁ የሚመጣው ትንሹ በደህና ካለፈ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ የራስሽ አለቃ። ከታች የሰማሽውን ወደ ላይ ስትወስጂ የሰው ስም ይዘሽ ከወጣሽ፣ ክፍልሽ በአንድ ቀን ይዘጋል። «ክፍሌ ውስጥ ይህ ተከስቷል፣ ይህን እያደረግን ነው» በይ፤ ተጠያቂነቱን አንቺ ተሸከሚ። አለቃሽ ቢቆጣ ቁጣው አንቺ ጋ ይቁም። ይህ ከባድ ነው፤ የኃላፊነት አበል የሚከፈለው ለዚህም ይመስለኛል።

ስለ ነባሩ ባልደረባሽ። ቦታውን ይጠብቅ ነበር ወይ፣ ተቀይሞ ይሆን ወይ የሚለውን ለመገመት አትሞክሪ። ለብቻ አግኝተሽው «ነገ ኦዲተር ሆነህ ብትመጣ፣ እኛ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የምታገላብጠው የትኛውን ሂሳብ ነው?» በይው። እንዲህ ያለ ሰው መልሱን ለዓመታት ይዞት ኖሮ የጠየቀው ሳያገኝ ቀርቶ ይሆናል። ሲነግርሽ ጻፊ፤ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» እንዳትዪ። ከነገረሽ መካከል አንዱን፣ ትንሽም ቢሆን፣ በዚያው ወር አስተካክዪ። ከዚያ ተመልሰሽ ምን እንደተደረገ ንገሪው፤ እሱ ከፈቀደም ሐሳቡ የእሱ እንደሆነ በስብሰባው ላይ ተናገሪ። ሁለተኛውን ጉዳይ አንቺ ሳትጠይቂው ይዞልሽ ከመጣ፣ ወንበር ስበሽ አስቀምጪውና ሌላውን ሥራ ለጊዜው ተዪው።