ጎንደርን ያለ ኪራይ መኪና፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከአውሮፕላን ወርዶ ፒያሳ ለመግባት ኮንትራት መያዝ ግድ ነው ወይ? (ከሐዋሳ)

ግድ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት አዘዞ ላይ ወደ ከተማ የሚገባ ሚኒባስ አያጡም። ጓዝ ከበዛብዎ ግን ኮንትራት ይሻላል፤ ሻንጣው ሳይጫን ሒሳቡን ይነጋገሩ።

ልጆቼን ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን በአንድ ቀን ላሳያቸው አስቤአለሁ። መኪና ልከራይ? (ከአዲስ አበባ)

እባክዎ አይከራዩ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የዳገት ከተማ ናት፤ መላው ሽቅቡን በባጃጅ፣ ቁልቁሉን በእግር ነው። በጠዋት ሥላሴ ሄደው ልጆቹ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች እስኪጠግቡ ይዩ፤ አያጣድፏቸው። ከዚያ እያዘገሙ ወደ ግቢው መመለስ ነው። ከሰዓት በባጃጅ ቁስቋም ወጥተው የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያሳዩአቸው። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ጉልበት ከተረፈ የፋሲል መዋኛም አለ።

ባጃጅ ሲያስቆሙ እግርዎን ሳያስገቡ «በሰው ነው?» ይበሉ። ባዶ ከሆነ ሾፌሩ በኮንትራት ሊያስበው ይችላል፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ሲወርዱ ነው። በጎኑ ክፍት ስለሆነ ትንሹን ልጅ መሀል ያስቀምጡ፤ ኩርባው ላይ ሾፌሮቹ ብዙም አያበርዱም።

እናቴ ጥምቀትን ጎንደር ማክበር ትመኛለች፤ ጉልበቷን ያማታል። (ከደሴ)

ምኞታቸውን ያድርስላቸው። ጥር 10 እና 11 በመኪና አይተማመኑ፤ ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ ሁሉ ሰው ነው። ከፒያሳ በዓሉ እስከሚከበርበት የፋሲል መዋኛ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማረፊያ ሲይዙ ዋጋውን ትተው ለመዋኛው መቅረቡን ይዩ። ጥር 11 ገና ሌሊት ይነሱ፤ በርጩማ ቢይዙላቸው ደግሞ ምስጋናው ለእርስዎ ነው። ሲመለሱ ሕዝቡ እስኪሳሳ ይቀመጡ እንጂ ከግፊያው ጋር አይውጡ።

ጎርጎራስ? ሐይቁ ዳር ውዬ ማታ ጎንደር መግባት እችላለሁ? (ከአዳማ)

በጠዋት ከተነሱ ይችላሉ። መንገዱ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጭዋሂት አድርጎ ጣና ዳር ያወርዳል። የመንገዱን ሰላም ከመነሳትዎ በፊት መናኸሪያ ይጠይቁ፤ ከጨለመ አይጓዙ። የመመለሻ መኪና ከሰዓት እየሳሳ ስለሚሄድ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ከረዳቱ ሳያረጋግጡ ከመኪናው አይውረዱ።