ራስን በሂስ ዓይን መመርመር፦ ለዕጩ መምህራን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሐዋሳ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕራክቲከም (በክፍል ውስጥ የማስተማር ልምምድ) ላይ የምትገኙ ዕጩ መምህራን ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች፣ ከክፍል ኋላ ተቀምጬ ልምምድ በተከታተልኩባቸው ዓመታት ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከየክፍለ ጊዜው በኋላ «ሪፍሌክሽን ጻፉ»፣ ማለትም ያስተማራችሁትን መለስ ብላችሁ መርምራችሁ ጻፉ፣ እንባላለን። ሁልጊዜ የምጽፈው ያንኑ ነው። ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ያንኑ ከሆነ አይጠቅምም። «ትምህርቱ በዕቅዱ መሠረት ተጠናቋል፤ ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በብዙ ደብተሮች ላይ አንብቤዋለሁ። አንዲት ዕጩ መምህርት አምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ አስተምራ ስትጨርስ ይህንኑ ጽፋ አሳየችኝ። እኔ ደግሞ የክፍሉን ዴስኮች በወረቀት ላይ ነድፌ፣ መልስ በሰጠ ተማሪ ቦታ ሁሉ አንዳንድ ጭረት አኑሬ ነበር። ከ52 ተማሪዎች የተናገሩት 6 ብቻ ሲሆኑ፣ ስድስቱም የተቀመጡት በፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ነበር። ወረቀቱን ስታየው ቆየችና «ክፍሉ በሙሉ የመለሰ መስሎኝ ነበር» አለች። ለምን እነዚያን ብቻ እንደጠራች ራሷን ስትጠይቅ፣ እጁን ያላወጣ ልጅ አላጠናም ብላ ታምን እንደነበር ደረሰችበት፤ ይህንን እምነት ማንም አላስተማራትም፣ ከራሷ የተማሪነት ዘመን ይዛው የመጣችው ነው። በማግስቱ ሁሉም በደብተሩ እንዲሞክር ጊዜ ሰጥታ በዴስኮቹ መካከል ስትዘዋወር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ 1/2 እና 1/3ን ሲደምር ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ብሎ ጽፎ አገኘችው። ልጁ ሠርቷል፤ አስቧልም። የተሳሳተበትን መንገድ ግን እስከዚያ ቀን ያየለት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሪፍሌክሽኑ «ሂሳዊ» መባሉ ስህተትን ከመቁጠር በምን ይለያል?

መልስ፦ ስህተት መቁጠር «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ያበቃል። ሂሳዊ ምርመራ ግን «ያደረግሁት ለምን ትክክል መሰለኝ? ከዚህስ ማን ተጠቀመ፣ ማን ቀረ?» ብሎ ይቀጥላል። በከተማችን በአንድ ክፍል ውስጥ ቤታቸው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆች አብረው ስለሚቀመጡ፣ የአንድ ልጅ ዝምታ የትምህርቱ ሳይሆን የቋንቋው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ እያስተማርኩ ስለ ራሴ ማሰብ አልቻልኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ዕቅዱ ላይ ነው።

መልስ፦ ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው። ዶናልድ ሾን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1983 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ እያሉ ማሰብንና ከሥራ በኋላ ማሰብን ለይቶ አስቀምጧል፤ በእኔ እምነት ዕጩ መምህር በሁለተኛው መጀመር ይገባዋል። በክፍል ውስጥ ግን አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፦ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ የሳይንስ ክፍሎች ባደረጉት ጥናት፣ መምህራን መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደነበር፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን መልሶቹ እንደረዘሙና የሚሳተፉት ተማሪዎች ቁጥር እንደጨመረ አሳይተዋል።

ጥያቄ፦ ድክመቴን በግልጽ ብጽፍ ማርክ አይቀነስብኝም?

መልስ፦ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ጥፋቱም የእኛ የተቆጣጣሪዎች ነው። ሐቁን በጻፈ ዕጩ ላይ ማርክ የሚቀንስ መምህር በቀጣዩ ሳምንት የሚያነበው ውሸት ነው። እስከዚያው ድረስ ድክመቱን ብቻውን አትተዉት፤ በማግስቱ ምን እንደለወጣችሁና ለውጡ በየትኛው ተማሪ ደብተር ላይ እንደታየ አያይዛችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ስንት ገጽ መሆን አለበት?

መልስ፦ በአንድ ቅጽበት ላይ ያተኮረ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ልጆቹ የተናገሩት ቃል ከጆሯችሁ ሳይጠፋ፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሳትወጡ ጻፉት።