ተርቦው ሞቷል ከማለትህ በፊት የአየር ቱቦውን ጎማ እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ባለ 3.0 ዲ ፎር ዲ ናፍጣ ሞተር ቶዮታ ቪጎ ነው ያለህ። ነዳጅ ስትረግጥ 2,000 ዙር አካባቢ ለአፍታ ይተኛል (ጉልበት ያጣል)፣ ከዚያ ድንገት ተስፈንጥሮ ይሄዳል። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ይብስበታል። ቼክ ኢንጂን አልበራም። መካኒኩ ደግሞ «ተርቦው ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎሃል፤ ተርቦ ማለት አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋው ነው። እስቲ ገንዘብህን ያዝ አድርገው። እኔ በዚህ ከተማ ከሞተ ተርቦ ይልቅ የሚያፈስ ጎማ ነው በብዛት ያየሁት፤ የእግሩን ጎማ ሳይሆን፣ ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን የጎማ ቱቦ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የቦታውን ነገር እንነጋገር። ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ እኛ ጋ 78 ገደማ ነው። ተርቦን የሚያዞረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ሞተሩ ትንሽ አየር ካገኘ ትንሽ ጭስ ያወጣል፣ ተርቦውም ዘግይቶ ይነቃል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ፣ ከ1,500 ዙር በታች ረግጠህ ትንሽ ቢያስጠብቅህ በሽታ አይደለም። ማርሽ ቀንስና ተገላገል። ወደ መተማ ስትወርድ መኪናው የዳነ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በሽታ የሚባለው ዙሩ ከተነሳ በኋላ፣ ተርቦው መንፋት በጀመረበት ሰዓት ሲተኛ ወይም ሲንገጫገጭ ነው። የአንተ አገላለጽ ወደዚህኛው ያደላል።

አሁን አንድ ሰው ከኋላህ ይከተልህና ጭሱን ይይልህ። ከተኛበት ቅጽበት ጋር ጥቁር ጭስ ከለቀቀ፣ ናፍጣው ደርሷል፣ የጎደለው አየር ነው። ጭስ ሳይኖር ዝም ብሎ ከተኛ፣ ወይ ናፍጣ አልደረሰም ወይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀንሶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ይህ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ግን ከየት እንደምትጀምር ይነግርሃል።

ጥቁር ከሆነ ከአየር ፊልትሮው ጀምር። በጋ ላይ ወደ ገጠር የሚወጣ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ነው በአቧራ የሚደፈነው፤ አውጥተህ ማየት ምንም አያስከፍልም። ቀጥሎ ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ)፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን ጎማዎች ተመልከት። የአንተ ሞዴል ኢንተርኩለሩ ሞተሩ አናት ላይ ነው የተኛው፣ ኮፈኑ ላይ አየር ማስገቢያ ያለው ለእሱ ነው። ችግሩ ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ። የሚሰነጠቁት በሆዳቸው በኩል ነው፣ በተለይ ፋሸታው (ማጥበቂያ ቀለበቱ) በሚነክሳቸው ጠርዝ ላይ።

የአጎቴ ልጅ ቪጎ እንዲህ ነበር። ሰሊጥ ይጭንበት ነበር፣ ዳገት ላይ ልክ እንደ አንተ ይተኛል። ለእሱም «ተርቦ» ተብሎ ነበር። ኢንተርኩለሩን ፈታንና ጎማውን ገለበጥነው። ከሥሩ በኩል ዘይት ያራሰው ጥቁር አቧራ የጣት ስፋት ያህል ተለጥፏል። በጨርቅ ጠርገን ጎማውን ስንጎነብሰው፣ ከፋሸታው ሥር ቀጭን ስንጥቅ እንደ ከንፈር ተከፈተች። ስንለቀው ተመልሳ ገጠመች፣ ምንም አይታይም። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ግፊት ስለሌለ አትከፈትም። ተርቦው ሲነፋ ግን ያ ሁሉ አየር በእሷ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ «ምንም የለውም» ማለት ዋጋ የለውም። ዘይት የራሰ አቧራ የት እንዳለ ፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው የሚያፈሰው።

በዓይን ካልተገኘ በአየር ይፈተናል። ሞተሩን አጥፋ። ተርቦው አየር የሚስብበትን ጎማ ከፊልትሮው በኩል ነቅለህ፣ የመኪና ጎማ መንፊያ ቫልቭ የተሰካበት ክዳን ክተትበት። አየር ስጥና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ሳሙና አረፋ ቀባቸው። የሚያፈሰው ቦታ ይንፈቀፈቃል። አንድ ነገር ልለምንህ፦ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ሙሉ ግፊቱን ቀጥታ እንዳትሰጠው። ከ1 ባር አትለፍ፣ ያውም በመቆጣጠሪያ። አለዚያ ጤነኛውንም ጎማ ትፈነዳዋለህ። በዘይት መለኪያው በኩል ትንሽ ቢተነፍስ አትደንግጥ፣ የተወሰነ አየር በሲሊንደሮቹ አልፎ ወደዚያ መውረዱ አይቀርም።

ጎማው ደህና ከሆነ ኮምፒውተር ይግባ፤ ግን ኮድ ለማንበብ ብቻ አይሁን። ቼክ ኢንጂን ስላልበራ ኮድ ላይኖር ይችላል። የምንፈልገው መኪናው እየሄደ የሚታየውን ቁጥር ነው። መጀመሪያ ቁልፉን ክፈትና ሞተሩን ሳታስነሳ የማኒፎልዱን (ወደ ሞተሩ አየር የሚገባበትን ቱቦ) ግፊት አንብብ። ጎንደር ላይ 78 አካባቢ ማለት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «100 መሆን ነበረበት» ብሎ ጤነኛ ሴንሰር ይቀይራል። አንዳንድ ርካሽ የስልክ መተግበሪያም የባህር ጠለሉን 101 ስለሚቀንስ ሞተሩ ጠፍቶ ከዜሮ በታች ያሳይሃል፤ አትመነው። መኪናው ከጎንደር ከፍ ብላ ባለችው ደባርቅ ቢሆን ደግሞ ቁጥሩ ወደ 71 እና 72 ይወርዳል።

ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ያንብብ፤ እየነዱ ስልክ ማየት የለም። የኮሶዬ ዳገት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ሙሉ ይረገጥ። ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና የተገኘው ግፊት ጎን ለጎን ይታዩ። የናፍጣ ሬል (ለኢንጀክተሮቹ ናፍጣ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊትም እንዲሁ፣ የተጠየቀውና የተገኘው።

አየሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ናፍጣው ልክ ከሆነ፣ ጎማውም ከተፈተነ፣ የቀሩት የጭስ መመለሻ ቫልቭ እና የተርቦው ክንፎች ናቸው። ቫልቩ በጥላሸት ተይዞ ክፍት ከቀረ አየር መግባት በሚገባው ቦታ ጭስ ይገባል። ተርቦው ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎችም ጥላሸት ሲይዛቸው ዘግይተው ይንቀሳቀሳሉ፤ ግፊቱ መጀመሪያ ይጎድላል፣ ቀጥሎ ከተጠየቀው በላይ ይዘላል። ተኝቶ ድንገት መስፈንጠር የሚሉት ይሄ ነው። ሁልጊዜ ከተማ ውስጥ በዝግታ የሚነዳ መኪና ላይ ይበዛል። ይሄም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ሙሉ ተርቦ አያስገዛም።

የናፍጣው ግፊት ከወደቀ ደግሞ የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ውሃ ካለውም አፍስስ። ካልተስተካከለ ፓምፑ ላይ ናፍጣ የሚመጥነውን ቫልቭ አስፈትሽ፤ ዲ ፎር ዲ ላይ የታወቀ ችግር ነው።

ተርቦው ራሱ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የመግቢያውን ጎማ ንቀልና ዘንጉን በጣትህ ያዘው። ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዝ ጤናማ ነው፤ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ብዙ ሰው በዚህች መወዛወዝ ብቻ ተርቦ ይጥላል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ፣ ወይም ምላጮቹ ግድግዳውን ፍቀው ካየህ፣ አዎ፣ ሞቷል።

በዚያን ጊዜም አዲሱን ከመግጠም በፊት ለምን እንደሞተ ጠይቅ። ባለ 3.0 ሞተር ላይ የኢንጀክተሮቹ የመዳብ ሮንዴላ ሲያፈስ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ከሥር ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ተርቦው ዘይት አጥቶ ነው የሚሞተው። ሮንዴላው ሳይቀየር፣ ወንፊቱና ወደ ተርቦው የሚሄደው የዘይት ቱቦ ሳይጸዳ አዲስ ተርቦ ከተገጠመ እሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል። የጭሱን ቀለምና የዳገቱን ቁጥሮች ይዘህ ና፣ አብረን እናያቸዋለን።