ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ ላልሽኝ የአምስት ኪሎ ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አምስት ኪሎ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ከሃምሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ሴቶቹ 6 ብቻ ናችሁ። ላብ (ላብራቶሪ) ላይ ያገዘሽ ልጅ ለፍቅር ጠየቀሽ። እምቢ ስትዪው በሳምንቱ ከግሩፑ አስወጡሽ። «በሴትነትሽ ነው የገባሽው» የሚልም አልጠፋም። አሁን ስድስት ኪሎ ሄደሽ ማኔጅመንት መማር አምሮሻል። «እዚያ ሴት ስለሚበዛ ማንም አያየኝም» ብለሻል።

በዚህ ምክንያት ከሆነ አትቀይሪ። ማኔጅመንት ጥሩ ትምህርት ነው፤ ከልብሽ ብትፈልጊው ሂጂ እልሽ ነበር። ግን ስለ ማኔጅመንት የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። ያልሠራውን ሰርኪዩት ብሬድቦርድ (መሞከሪያ ሰሌዳው) ላይ ስታፈላልጊ እንደመሸብሽ ግን ሰፋ አድርገሽ ነግረሽኛል። ይህች ልጅ ሙያውን የጠላች አትመስለኝም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ከ10 የኮሌጅ ተማሪ 6ቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ጥቂት ስለሆኑ መራጭ ሆኑ የሚል ቅሬታ ይሰማል። በዚህ ስሌት እዚህ መራጯ አንቺ መሆን ነበረብሽ። ያልሆንሽው ለምን ይመስልሻል? ሃንድአውቱም፣ የቆየ ፈተናውም፣ ግሩፑም በወንዶቹ እጅ ስለሆነ ነው። እምቢ ባልሽ ቁጥር አንድ ነገር ይቀርብሻል። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ሌላ ዲፓርትመንት ሳይሆን ሌላ የሃንድአውት ምንጭ ነው።

ከሌሎቹ አምስት የክፍልሽ ሴቶች ጋር ቁጭ በሉ። አራተኛና አምስተኛ ዓመት ያሉትን ሴቶች ፈልጉ፤ የቆየ ፈተና እነሱም ጋ አለ። መምህሩን ግሩፕ በስም ዝርዝር ይመድብልን በሉት። ብዙ መምህራን እንዲህ ያደርጋሉ፤ የሚያሳፍር ጥያቄም አይደለም። ማስፈራራት ወይም መነካካት ካለ ግን ውለሽ ሳታድሪ ወደ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂጂ።

የመግቢያ ነጥቡ ቀደም ሲል ለሴቶች ዝቅ ይል ነበር፤ እውነት ነው። ሚድ እና ፋይናል ላይ ግን ቅናሽ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ለወንዱም ለሴቷም ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሦስተኛ ዓመት የደረስሽው በራስሽ ውጤት ነው።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ሹክ ስላልሽኝ ስለ ሌላው ልጅ፦ ከወደድሽው ወሬ ፈርተሽ አትተዪው። ብቻ የላብ ግሩፕሽ ከእሱ የተለየ ይሁን። ሴሚስተሩ መሃል ላይ ብትጣሉ ሪፖርትሽ አይነካም።

አራተኛ ዓመት ላይ ኢንተርንሺፕ አለ። ቦታውን ወንዶቹ ተሻምተው ሳይጨርሱት ከአሁኑ ድርጅት ማፈላለግ ጀምሪ። ሲቪሽን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።