ለእንጦጦ ዳገት የመሃል ሞተር፦ አምፔር ከመጨመር በፊት ሊታይ የሚገባው

ወንድማችን የጠየቁት፣ በአሮጌ የተራራ ብስክሌት ላይ የገጠሙት ባለ 48 ቮልትና 750 ዋት የባፋንግ ኩባንያ የመሃል ሞተር (ፔዳሉ ባለበት መሃል ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ሞተር) ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ እየላላ እንደሚንቀጠቀጥና ክፉኛ እንደሚግል፣ ጉልበት እንዲያገኝም የኮንትሮለሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ክፍል) ገደብ ከ25 ወደ 30 አምፔር ቢያሳድጉት ይሻል እንደሆነ ነው። የፊት ማርሹ 46 ጥርስ፣ ትልቁ የኋላ ማርሽ ደግሞ 28 ጥርስ መሆኑንም ገልጸዋል። እኔም ይህንኑ ሞተር በራሴና በወዳጆቼ ብስክሌቶች ላይ ገጥሜ በዚያው ዳገት ስለምጠቀምበት፣ ካየሁት ተነስቼ መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ አምፔሩን አይጨምሩ። አገጣጠሙን ያስተካክሉ፣ ቀጥሎ ማርሹን ይለውጡ፤ ኮንትሮለሩ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ለመቀነስ።

በመላላቱ ልጀምር። ሞተሩ የፊት ማርሹን ወደ ፊት ሲያዞር የራሱ አካል በተቃራኒው አቅጣጫ ለመዞር ይታገላል፤ ስለዚህ ጭነቱ በበዛ ቁጥር ከፔዳሉ በታች የተንጠለጠለው ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) ዘንግ ይገፋል። ሲገጠም በሁለቱ መካከል ክፍተት ከተተወ፣ ሞተሩ በተነሱና በቆሙ ቁጥር ያንን ክፍተት ያህል እየተወዛወዘ በግራ በኩል ሞተሩን ከቴላዮው ጋር የሚያስረውን ትልቁን ዳዶ ቀስ በቀስ ይፈታዋል። መፍትሔው ዳዶውን ፈትቶ ሞተሩን ወደ ላይ እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ከቴላዮው ጋር በሚነካካበት ቦታ ጠንካራ ጎማ ማስገባት፣ ከዚያም ሞተሩ ወደ ላይ እንደተገፋ ሳለ ማጥበቅ ነው። በዚህ ጊዜ የፍሬን ወይም የማርሽ ገመድ በመካከል እንዳይጨፈለቅ ይጠንቀቁ። ጥርስ ያለው መያዣ ብረት ጥርሱ ወደ ቴላዮው ዞሮ የፔዳል ቤቱን (የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን የቴላዮውን ቱቦ) ጠርዝ መንከስ አለበት፤ ሁለቱ ቡሎኖች ከሞተሩ ጋር ካሰሩት በኋላ ትልቁ ዳዶ፣ በላዩም መቆለፊያው ዳዶ ይጠብቃል። ሁሉም ሲጠብቅ በዳዶውና በመያዣ ብረቱ ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው መዞሩን ያለ መሣሪያ በዓይን ያዩታል። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ፣ እውነተኛው ችግር ማርሹ ይመስለኛል። የመሃል ሞተር ከጎማው ውስጥ ከሚገጠመው ሞተር የሚበልጠው ጉልበቱን በብስክሌቱ ማርሽ በኩል ስለሚያስተላልፍ ነው፤ ማርሹ ከባድ ከሆነ ይህ ብልጫ ይጠፋል፣ ሞተሩም በዝግታ እየዞረ ከሚቀበለው ኤሌክትሪክ ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በ46 እና በ28 ጥርስ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ 1.64 ጊዜ ይዞራል። ፊቱን 42፣ ኋላውን 34 ቢያደርጉት ወደ 1.24 ይወርዳል፤ ይህም አንድ አምፔር ሳይጨምሩ ጎማው ላይ የሚደርሰውን የመግፋት ኃይል በሲሶ ያህል ያሳድገዋል። በአንጻሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ከ25 ወደ 30 አምፔር ማሳደግ ኃይሉን ቢበዛ በ20 በመቶ ሲጨምር፣ በመዳብ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በ44 በመቶ ይጨምራል። የቤንዚን ሞተር እንጦጦ ላይ አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የእኛ ሞተር ጉልበቱ ባይነካም፣ ስስ አየር ሙቀቱን በደንብ አይወስድለትም።

ባለ 34 ጥርሱን የኋላ ማርሽ ሲገዙ ረጅም ክንድ ያለው ማርሽ ቀያሪ ያስፈልግዎ ይሆናል። የፊቱን ሲመርጡ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባ ቅርጽ ያለውን ይምረጡ፤ ምክንያቱም የሞተሩ የማርሽ ሳጥን የፊት ማርሹን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ ሰንሰለቱ ለዳገት ወደሚፈልጉት ትልቅ የኋላ ማርሽ ሲሄድ ክፉኛ ይጣመማል፣ ጥርሱንም ይበላል። ከ42 ጥርስ በታች መውረድ ያልመከርኩት፣ ትንሽ ማርሽ የሞተሩን ሳጥን ማለፍ ስለማይችል ይበልጥ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው።

በኮንትሮለሩ ላይ እኔ የማደርገው ገደቡን ወደ 18 አምፔር ማውረድና የመነሻውን ጉልበት ማለዘብ ነው። በ18 አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በ25 ከሚፈጠረው በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ የለዘበ አነሳስ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ያለውን የናይለን ማርሽና ሰንሰለቱን ያድናል። ያንን ናይለን በብረት የሚተኩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልደግፈውም፣ ናይለኑ ቀድሞ መበላቱ ውዱን ክፍል የሚያተርፍ ይመስለኛልና።

ፍሬን ሲይዙ ሞተሩን የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ ማርሽ ሲቀየር ለቅጽበት ኃይል የሚቀንሰውንም ሴንሰር ለምንም ብለው አይተዉ። ይህ ሞተር ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱን አይዝም፣ ባትሪም አይሞላም፤ ከእንጦጦ ሲወርዱ ጠቅላላው ሸክም በፍሬኑ ላይ ስለሚወድቅ፣ ቢያንስ የፊቱ የዲስክ ፍሬን ቢሆን እመርጣለሁ።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የፔዳል ቤቱን ስፋት በካሊፐር ለክተው 68 ወይም 73 ሚሊሜትር መሆኑን፣ የኋላው ማርሽም ባለ ስንት ፍጥነት እንደሆነ ይጻፉልን፤ የሚስማማውን ክፍል አብረን እንለያለን።