«ምጣድ ገዝቼልሽ፣ ምን ሥራ አለሽ?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቤት ነው የምውለው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ፍሪጅም አለን። አሁን ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ልንገዛ ነው። ባለቤቴ «ይሄም ከመጣ ምን ሥራ አለሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ማታ ማታ ወገቤን ይዤ ነው የምተኛው። ጥፋቱ የኔ ይሆን? ደግሞስ የትኛውን ማሽን እንግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ምጣዱ የተካው እሳቱን ብቻ ነው። በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ስጋግር ያደግሁ ነኝና ከጭስ መገላገሉን አላቃልልም። ግን ዱቄቱን የሚነፋው፣ ሊጡን የሚያቦካው ማነው? ሁለት ሦስት ቀን ጠብቆ ያቀረረውን ውሃ የሚደፋው፣ አብሲት የሚጥለው፣ ኩፍ እስኪል የሚጠባበቀው ማነው? ይሄ ሁሉ ዛሬም በእጅሽ ነው። ምጣዱ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ኃይል ሲቀንስ በደንብ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ያኔ እንቅልፍሽን ትተሽ በሌሊት ትጋግሪያለሽ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ድሮ ለአንድ ጋገራ ቤተሰቡ ሁሉ ይነሳ ነበር። ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ልጆች ጭራሮ ይለቅማሉ። አሁን ፈላጩም ለቃሚውም አረፈ፤ ያንቺ ድርሻ እንዳለ ቀረ።

በአሜሪካም እንዲሁ ሆኗል። ጆአን ቫኔክ የተባለች ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት አለ። ቤት የሚውሉ እመቤቶች በ1920ዎቹ በሳምንት 52 ሰዓት ያህል የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። በ1960ዎቹ፣ ማሽኑ ሁሉ ከገባ በኋላ፣ 55 ሆነ። ለልብስ የሚጠፋው ጊዜ ራሱ ጨመረ፤ ሰው ብዙ ልብስ ኖረው፣ ቶሎ ቶሎም ይቀይር ጀመር። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ማሽኑ ቤት ሳይገባ ሥራውን ተከፋፈሉ። ማሽን ነጩን ከባለ ቀለሙ አይለይም፣ አያሰጣም፣ አያጥፍም። ልጆቹ ካልሲና ፎጣ ማጠፍ አያቅታቸውም። ማስጣቱን አባታቸው ይያዘው።

የትኛውን ላልሽኝ፦ ውሃ የሚመጣላችሁ በፈረቃ ከሆነ ባለ ሁለት ገንዳውን ግዙ። በባልዲ ሞልተሽ ታሠሪዋለሽ። ሙሉ አውቶማቲኩ ከቧንቧ ካልመጣለት መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ልብስሽም አረፋ ውስጥ ተነክሮ ያድራል። ምጣዱ በርቶ ሳለ ደግሞ ማሽኑን አታስነሺ፣ ቆጣሪው ይወድቃል።