ስለ ዴርዴቪል ጠይቁኝ፦ ማት፣ ፎጊ፣ ካረን እና ፊስክ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ2015 እስከ 2018 የወጡትን ሦስቱንም የዴርዴቪል የቲቪ ሲሪስ ሲዝኖች፣ 39ኙንም ክፍል ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ታሪኩ ቀን ጠበቃ፣ ሌሊት ጭምብል አጥልቆ ወንጀለኞችን የሚደበድበው የማት፣ የጓደኛውና የሥራ ባልደረባው የፎጊ፣ አብራቸው የምትሠራው የካረን እና የወንጀለኞቹ አለቃ የፊስክ ነው። ድብድቡን እወደዋለሁ። እንድደግመው የሚያደርገኝ ግን በሰዎቹ መካከል ያለው ነገር ነው። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ። መጨረሻውን ሁሉ ስለምናገር ያላያችሁ መጀመሪያ እዩት።

ጥያቄ፦ ፎጊ ያን ያህል መቆጣት ነበረበት? ማት እኮ ሰው እያዳነ ነበር።

ነበረበት! በአንደኛው ሲዝን ፎጊ ጓደኛውን ጭምብል እንዳጠለቀ፣ በደም ተለውሶ ያገኘዋል። አሥረኛው ክፍል ከሞላ ጎደል የሁለቱ ጭቅጭቅ ነው። ብዙ ሰው ፎጊ የተናደደው ጠበቃ ሆኖ ሕግ በመጣሱ ይመስለዋል። እሱም አለበት። የባሰው ግን የልብ ምቱ ጉዳይ ነው። ማት ዓይነ ስውር ነው፣ ግን የሰው ልብ ሲመታ ይሰማዋል፣ ማን እንደሚዋሽም በዚያ ይለያል። ስለዚህ ፎጊ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ትንሽዋን ውሸት በዋሸ ቁጥር ማት እያወቀ ዝም ይል ነበር፣ እሱ ራሱ ግን በየቀኑ እየዋሸው ነው። ይሄ ያማል። ጸሐፊዎቹ የጀግናውን ኃይል ራሱን በጓደኛው ላይ የተፈጸመ በደል አደረጉት። በሲሪሱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የአጻጻፍ ውሳኔ አላገኘሁም። ደግሞ በጭቅጭቁ መሃል ወደ ኋላ እየመለሱ የተዋወቁበትን ቀን ያሳዩናል፣ የወደፊት ቢሯቸው ስም ሶፍት ላይ ሲጻፍ እናያለን። ጓደኝነቱ ሲገነባም ሲፈርስም በአንድ ክፍል ውስጥ ነው የምናየው።

ጥያቄ፦ ፊስክ ክፉ ሰው ነው፣ ለምንድነው ያሳዘነኝ?

ካስተዋወቁን መንገድ የተነሳ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ስሙን ለመጥራት እንኳ ሲፈሩ ነው የምናየው። ጭራቅ እንጠብቃለን። የአንደኛው ሲዝን ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግን ነጭ ሥዕል ፊት ብቻውን የቆመ፣ የሥዕል ጋለሪው ሠራተኛ ቫኔሳ ስታናግረው ቃል የሚጠፋበት ዓይን አፋር ሰው ነው። በቀጣዩ ክፍል ያው ሰው፣ ከእሷ ጋር እራት ላይ ሳለ ገብቶ ያሳፈረውን ሰው በመኪና በር ጭንቅላቱን እየደበደበ ይገድለዋል። ልብ በሉ፣ ፍቅሩም ጭካኔውም የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፣ ከማፈር። ስምንተኛው ክፍል ላይ ልጅ ሳለ እናቱን የሚደበድበውን አባቱን በመዶሻ ሲገድል እናያለን። ይህ ግን ይቅር እንድንለው የገባ አይደለም። ከየት እንደመጣ ያሳዩናል፣ ከዚያ ጋዜጠኛውን ቤን ዩሪክን በገዛ እጁ አንቆ ሲገድል ያሳዩናል። ሁለቱንም ይዞ መቀመጥ የተመልካቹ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ካረን ራሷን ችግር ውስጥ ከመክተት ሌላ ምን ትሠራለች?

እኔ በዚህ አልስማማም። ካረን የማት ተገላቢጦሽ ናት። አንደኛው ሲዝን ላይ የፊስክን ቀኝ እጅ ዌስሊን በራሱ ሽጉጥ ትገድለዋለች፣ ከዚያም ምስጢሩን ለብቻዋ ትሸከማለች። ማት ላለመግደል ሲታገል እሷ ገድላ ነው የምትኖረው። ለዚህም ነው ወንጀለኞችን እየገደለ የሚበቀለውን ፍራንክ ካስልን ሌሎቹ ጭራቅ ሲሉት እሷ እንደ ሰው የምታየው። ቤን የሞተው ደግሞ እሷ ወደ ፊስክ እናት ስለወሰደችው ነው። ጥፋቷ ውጤት አለው፣ ጸሐፊዎቹም አይረሱትም፤ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ፊስክ ፊት ቆማ ዌስሊን የገደልኩት እኔ ነኝ ትለዋለች።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ሲዝን ለምን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይመስላል?

ስለሆነ ነው። የፍራንክ ካስል ታሪክ ጥያቄ ይጠይቃል፦ መግደል ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ? ማት በሰንሰለት ታስሮ ጣሪያ ላይ ከፍራንክ ጋር የሚከራከርበት ክፍል ብቻውን ይበቃ ነበር። የማት የቀድሞ ፍቅረኛ የኤሌክትራና የኒንጃዎቹ ታሪክ ያንን ጥያቄ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አተረፍን፤ ማት ከኤሌክትራ ጋር ሲያመሽ የፍራንክ ችሎት ይቀርበታል፣ የመክፈቻ ንግግሩን ፎጊ ያለ ዝግጅት ያቀርባል፣ ጥሩ ጠበቃ መሆኑንም ያኔ እናያለን። በነገራችን ላይ ሦስቱንም ሲዝን የመሩት የተለያዩ ጸሐፊዎች ናቸው። መንፈሱ የሚለዋወጠው አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ማት መጨረሻ ላይ ፊስክን ለምን አልገደለውም? ፈሪ ሆኖ ነው?

በሦስተኛው ሲዝን ሊገድለው ወስኖ ነበር፣ እጁም ላይ ገብቶለት ነበር። ያሸነፈው ግን በስምምነት ነው። የኤፍቢአይ ወኪሉ ናዲም እንዲገደል ያዘዘችው ቫኔሳ ናት። ማት ካረንንና ፎጊን ከነካህ ቫኔሳን ለፍርድ አቀርባታለሁ ይለዋል፣ ፊስክም እሺ ብሎ እስር ቤት ይገባል። ያ ነጭ ሥዕል ፊት የተጀመረው ፍቅር ነው በመጨረሻ ያሰረው። ጡጫ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ጥያቄ፦ በ2025ቱ ተከታይ ሲሪስ፣ በቦርን አጌን፣ ፎጊን መግደላቸው ልክ ነው?

እንደ ትዕይንት በጣም ጠንካራ ነው። እንደ ውሳኔ ግን ቅር ብሎኛል። ፎጊ ማትን ፊት ለፊት ተው የሚለው ሰው ነበር። እሱ ከሌለ ማት ሲያጠፋ የሚከራከረው ማን ነው? ካረን ብቻዋን አትችለውም፣ እሷም ለብዙ ጊዜ ትርቃለች። ሲሪሱ ለወደፊት ክርክሩን የሚያወጣው ከማት ከራሱ ውስጥ መሆን አለበት፣ ይሄ ደግሞ ለመጻፍ ከባድ ነው። ቢሆንም አንዱን ነገር አልክድም። በሦስተኛው ሲዝን የፊስክ ገዳይ የነበረው ዴክስ ፎጊን መንገድ ላይ በጥይት ይመታዋል፣ ማትም ከዴክስ ጋር እየተደባደበ ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሆኖ የፎጊን ልብ ያዳምጣል። ፎጊ በአሥረኛው ክፍል ለምን ሰማህብኝ ብሎ የጮኸበት ያው ልብ ነው፣ ልቡ መምታት እስኪያቆም ድረስ ማት ይሰማዋል።